ጀርባውን የሰጠኝ ውሻ

ዊራቢላ፣ ማርች 8 ቀን 1987

ውድ ኢቮር፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ውሻህን ጂልንም ከጆሮዋ ጀርባ አንድ ጊዜ እከክልኝ። አንተ እዚያ ታዝማኒያ ዝናብ ሰልችቶሃል፤ እኛ እዚህ ከገና ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠብ ብሎልን ምድሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ ግን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን መማረር እንጂ መሥራት አላቆመም።

«ሞስ ይበላል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ይበላል። ጌታው ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳህኑን ሳይልስ ያደረበት ጊዜ የለም። ሐዘኑ ሆዱን አልነካውም፤ የነካው ልቡን ነው።

ወንድምህ፣ ባሌ ሊንዚ ካረፈ ሜይ ላይ ዓመት ይሞላዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሞስ ጠዋት ከሳህኑ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁ በር ይሄዳል። ከብት እንዳያልፍ በሩ ላይ የተነጠፈውን የብረት ርብራብ ታውቀዋለህ፤ እሱ ጎን ቁጭ ይላል። ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ እኔ። «ሞስ!» እለዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። «ሞስ፣ ና የኔ ልጅ!» ዞር ብሎ እንኳ አያይም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ነገም ያው ነው።

የአውራጃው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ልኮ «ጌታውን የሚጠብቅ ውሻ» ብሎ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ከተማ ሳይቀር ቋሊማ ይዘውለት የሚመጡ አሉ። ጎረቤቴ ኖሪን (ስትደንስ እግሯን የረገጥክባት) ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። ያ መርከበኛውን አሥር ዓመት ወደብ ላይ የጠበቀው ውሻ ፊልም ትዝ ይልሃል? እኔ በራሴ በር ላይ በየቀኑ እያየሁት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ሮንዳ አደሌድ ካለው ፎቋ አንድ ክፍል ለይታልኛለች፤ የዘንድሮው የበግ ሸለታ ሲያልቅ ግቢ ትለኛለች። ፎቁ ውሻ አያስገባም። መሬቱን አከራይቼዋለሁ፣ የቀሩኝ ስልሳ በጎች ናቸው፣ እነሱንም ኖሪን ትወስዳቸዋለች። ሞስን ግን ለማን እሰጠዋለሁ? ሊንዚ ሞስን ሲያዝ የሚያፏጨው የአባታችሁን ፉጨት ነበር፤ በጥርሱ መሀል፣ ያለ ጣት፣ ያለ ፊሽካ። እኔ ሳፏጭ ማንቆርቆሪያ የፈላ ይመስላል። ከሊንዚ ቀጥሎ በዓለም ላይ ያ ፉጨት ያለው አንተ ብቻ ነህ። ሞስን ውሰድልኝ፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ካንተ ይስማ። እሺ ወይም እምቢ በለኝ፤ ሁለቱንም እችላለሁ።

ሜርል


ኦትላንድስ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1987

ውድ ሜርል፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ድንች ስናወጣ ነበር። ዘንድሮ ድንቹ መልካም ነው፤ አንዳንዱ የልጅ ጭንቅላት ያክላል። ዝናቡም አለ። ጂል ደህና ናት።

ስለ አውራው በግ በስልክ ጠይቀሽኛል፤ ማን እንደነገረሽ አላውቅም። አዎ፣ ፌብሩዋሪ ላይ በረት ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ መጥቶ ጠለዘኝ። አገጬ ትንሽ አብጦ ነበር። አሁን ምንም አልል።

ስለ ወደቡ ውሻ ግን ከድሮም አልስማማም። ያ ውሻ ባሕሩን አልነበረም የሚያየው። ከካሜራው ጎን የቆመ ሰውዬ ኪሱ ውስጥ ጉበት ይዞ ነበር፤ ውሻው የሚያየው ጉበቱን ነው። መርከቡ ሲመጣ ምራቁ ሲወርድ አላየሽም? ይህን ለሊንዚ ነግሬው አንድ ሳምንት አኩርፎኛል። በሌላው ፊልም ባቡር ያስቆመውም ውሻ ያው ነው፤ ጉበት ነው።

ስለ ሞስ ያልሽው ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። ወደ ታዝማኒያ ውሻ ሲገባ የኮሶ ክኒን ወስዶ የሐኪም ወረቀት መያዝ አለበት። መርከቡም ያንገላታል። ቤቴም ጠባብ ነው፣ ጂልም ቅናት አለባት። እስቲ ላስብበት።

እዚህ አሁንም እየዘነበ ነው።

ወንድምሽ ኢቮር


ዊራቢላ፣ ሜይ 17 ቀን 1987

ወንድሜ ኢቮር፣

አንተ ዳር ዳር ስትል እኔ መሀል ገብቼ ቆሜ እየጠበቅሁህ ነው። የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁት። ክኒኗ የትንሽ ጣቴን ጥፍር አታክልም፤ ወረቀቱም አምስት መስመር ነው። መርከቡ ላይ ለውሾች ክፍል አለ። «ቤቴ ጠባብ ነው» ያልከው ደግሞ እናታችሁ ስድስት ልጅ ያሳደገችበትን ቤት ነው፤ ዛሬ አንተና ጂል ብቻ ናችሁ የምትጋጩበት። ጂል ቅናት አለባት? ጂልን አላውቃትም እንዴ! ሌባ ቢመጣ ጫማውን አንስታ የምታቀብል ውሻ ናት።

ሰኞ ስደውልልህም ትኩስ ድንች የጎረስክ ይመስል «ደና ነኝ፣ ደና ነኝ» ብለህ ዘጋህብኝ። አንድ ነገር ደብቀኸኛል። አልቀየምም፤ ግን እወቀው፣ ገብቶኛል።

የሊንዚ ዓመት እንዴት አለፈ ብትለኝ፣ አለፈ። ሞስን ይዤው ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ኖሪን መሀረቧን አውጥታ ከበስተኋላዬ ቆመች። ሞስ የሊንዚን ድንጋይ ዝም ብሎ አልፎ የጎረቤቱ መቃብር ላይ እግሩን አነሳ። «ሐዘኑ ነው፣ አእምሮውን ነስቶት ነው» አለች ኖሪን። እኔም አመንኳት።

እውነቱን ልንገርህ ኢቮር፣ እቀናለሁ። ያውም በሞተ ሰው፣ ያውም በራሴ ባል። ሞስ እናቱ ሞታበት የመጣ ቡችላ ነበር፤ ምድጃ ሥር በሣጥን አስተኝቼ በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኔው በበላበት ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ጊዜ ታምሜ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ስተኛ በር ላይ የጠበቀኝ አልነበረም። አሁን ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያንን ጀርባ ሳይ፣ ይህ ቤት ለኔ ምኔ ነው እላለሁ። የሮንዳ ፎቅ ያን ያህል የማያስጠላኝ ለዚህ ነው።

የመንደሩ አዳራሽ ኮሚቴ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ውሾች ለሚታደሙበት ትርኢት ፊልም እንድመርጥ ጠይቆኛል። ደንቡን ታውቃለህ፤ ሊንዚና እኔ ስንጀምረው ያወጣነው ነው። ውሻ ይዞ የመጣ ይቀመጣል፣ ሳይዝ የመጣ ኋላ ይቆማል። ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነውና ጥሩ ፊልም ምከረኝ። ስለ ሞስም እሺ ወይም እምቢ በለኝ።

ሜርል


ኦትላንድስ፣ ጁን 7 ቀን 1987

ውድ ሜርል፣

አልተቆጣሁም። መቆጣት ያለብሽስ አንቺ ነሽ።

ስለ ፊልሙ፦ የእረኛውን ውሰዱ። ያ ተራራ ላይ በረዶ ሲጥል ውሻው ከበጎቹ ጋር የቀረበት። አራተኛው የፊልም ጥቅል ላይ እረኛው ሸለቆውን አሻግሮ ያፏጫል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ቁርጥ የአባታችን ፉጨት ነው። መጀመሪያ ያየነው ቀን ሊንዚ ክንዴን ጨብጦኝ ነበር።

ሞስን ፊት አስቀምጪውና ይስማው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ፤ መልሴን ያኔ እሰጥሻለሁ። እስከዚያ ሌላ ነገር አትጠይቂኝ፣ እባክሽ።

ጂል ደህና ናት።

ኢቮር


ዊራቢላ፣ ጁላይ 19 ቀን 1987

አንተ ጉደኛ፣

ቁጭ በልና አንብብ፤ ሻይህንም አስቀምጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹን መስኮቶች በሱፍ ከረጢት ሸፍነን ጨለማ አደረግነው። አርባ ሦስት ውሻ ገባ። ሞስን በጋዜጣ ስለሚያውቁት ከፊት የክብር ቦታ ሰጡን። ሦስተኛው ጥቅል እስኪያልቅ ሁሉም እንደ ሰንበት ምእመን ተቀምጠው ነበር። አራተኛው ገባ። እረኛው ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመ፣ ከንፈሩን አሾለ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

አርባ ሁለቱ ተነሱ።

ኢቮር፣ የበግ ውሻ በሞላበት አዳራሽ የእረኛ ፉጨት ያለበት ፊልም መክፈት! እንዲህ ያለ ጅልነት ከእኛ በቀር ማን ይሠራል? እኩሌቶቹ በግራ፣ እኩሌቶቹ በቀኝ ሸራውን ከበው፣ በጎቹ በወዲያ በኩል የሚወጡ መስሏቸው ከኋላ ገቡ። ሸራው ወደቀ። ኖሪን ከነኬኳ ወደቀች። ከዚያ በግ ሲያጡ ዞረው እኛኑ ሰበሰቡን! ቄሱን፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር፣ ሁላችንንም አንድ ጥግ አስይዘው አንድ ሰው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ተረከዙን ነከስ ያደርጉት ነበር። ሩብ ሰዓት እዚያው ቆምን።

ሞስስ? ሞስ ከፊት ባዶ ወንበሬ ሥር ተኝቷል። በጫጫታው ሁሉ አልነቃም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሴቶቹ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም አብሬ።

በማግስቱ ኖሪን ወገቧን ይዛ መጣች። ሞስ ወጥ ቤት ተኝቶ ነበር።

«ሜርል፣» አለችኝ፣ «ይሄ ውሻ ያዘነ ሳይሆን የደነቆረ ይመስለኛል።»

«አፍሽን ዝጊ፤ ሐዘኑ ጥልቅ ነው።»

«ጥልቅ ነው? ቆይ እስቲ።»

ትልቁን ድስት ከነክዳኑ አንስታ ጆሮው ሥር ወስዳ ጓ! አደረገችው። ሁለታችንም ጆሯችንን ያዝን። ሞስ ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

«ዓመት ሙሉ ያለቀስኩለት እንባ ይመለስልኝ!» ብላ ወንበር ላይ ተዘረጋች። ሳቅን ኢቮር፣ ጎናችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠብኝ።

ሰኞ ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። «ምንም አይሰማም፤ ይህ ትናንት የመጣ አይደለም፣ ዓመታት ሆኖታል» አለኝ። ታዲያ ሊንዚ ሲያፏጭለት እንዴት ይታዘዝ ነበር? ስመለስ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ሊንዚ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሸለታ ባርኔጣውን እያውለበለበ ነበር የሚያፏጨው። «ዝንቡ በዛብህ እንዴ?» ብዬ ስቄበታለሁ። «በጣም በዛ» አለኝ። በዚህ አገር የማይሰማ የበግ ውሻ ምን እንደሚደረግ አታጣውም፤ ጥይት ነው። ሊንዚ የሚያፏጨው ለሞስ ሳይሆን ለእኛ ነበር፣ ውሻው የሚሰማ እንዲመስለን። ከኔም ደበቀኝ። አፌ እንደማያርፍ ያውቃላ! ተናደድኩበት፣ ደግሞም ወደድኩት።

ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርጄ መስክ ወጣሁ። ሞስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓመት ሙሉ እንዲያ አላየኝም። ባርኔጣውን ወደ ግራ ሳወዛውዝ ወደ ግራ ተፈተለከ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። ስልሳውንም በግ እግሬ ሥር አምጥቶ አስቀመጣቸው። እኔ፣ ሜርል፣ በስልሳ አራት ዓመቴ!

ግን ሥራው እንዳለቀ ተመልሶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ እኔ። አለመስማቱ ስጠራው ለምን እንደማይመጣ ያስረዳኛል፤ ለምን ጀርባውን እንደሚሰጠኝ ግን አያስረዳኝም። አሁንም ሊንዚን እየጠበቀ ከሆነ ይጠብቅ፤ እኔ ወደ ሮንዳ እሄዳለሁ፣ እሱም ወዳንተ። የውሻ ነገር ካንተ የሚያውቅ የለምና ሳታባብለኝ ንገረኝ። ቃልህንም አትርሳ፤ መልስ አለብህ።

ሜርል


ኦትላንድስ፣ ኦገስት 9 ቀን 1987

ውድ ሜርል፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለጂል ጮክ ብዬ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ያወጣው ያንቺ አርባ ሁለት ውሻ ነው።

አውራው በግ የነካው አገጬን ብቻ አይደለም። የፊት ጥርሶቼን አራቱን ወሰዳቸው፤ የቀሩትን ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ «እነዚህ ብቻቸውን ምን ያደርጉልሃል?» ብሎ ነቀላቸው። አሁን አፌ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ነው። ሥጋ ያኝካል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። አያፏጭም።

«በዓለም ላይ ያ ፉጨት ያለው አንተ ብቻ ነህ» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ጥርሱ በገባልኝ በሦስተኛው ቀን ነበር። አንብቤ ጓሮ ወጣሁና ሞከርኩ። ነፋስ ብቻ። አውልቄው ሞከርኩ፤ ምራቅ ብቻ። አለቀስኩ ሜርል። ለጥርሴ አይደለም፤ አባቴና ሊንዚ እንደገና የሞቱብኝ መሰለኝ። እንዲህ ነው ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ። ስለዚህ ስለ ድንች ጻፍኩልሽ።

ጂልም ደህና አይደለችም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ታፈጥብኛለች። «ሂጂ፣ አምጪያቸው» ስላት ታየኛለች፣ ከዚያ የሚያፏጨውን እኔን ፍለጋ ወደ ጎተራው ጀርባ ትሄዳለች። በጎቼን የጎረቤት ልጅ ነው የሚሰበስብልኝ። ፊሽካ ግዛ እንደምትይኝ አውቃለሁ። አባቴ ፊሽካ የሚነፋ እረኛ ሲያይ «ይሄ ሰውዬ ባቡር ጣቢያ ነው እንዴ የሚሠራው?» ይል ነበር። ያ ንግግር እጄን ይዞኛል።

ፊልሙን የመከርኩሽም ለተንኮል ነው። ሞስ ለፉጨቱ ቢነሳ፣ ያ ፉጨት ከፊልም ጥቅል በቀር የትም እንደሌለ ልነግርሽ ነበር። ባይነሳ ደግሞ «ውሻው አይፈልገውም» ብዬ ጥርሴን ይዤ ዝም ልል። ይቅር በይኝ።

አሁን ስለ ጀርባው። አባታችን «ውሻ ፊቱን የሚያዞረው ወደሚጠራጠረው ነው» ይል ነበር። ጎተራ ሲጠብቅ ጀርባውን ለጎተራው፣ የታመመች በግ ሲጠብቅ ጀርባውን ለበጓ። ሞስ ደግሞ አይሰማም፤ የሚመጣውን በዓይኑ ማየት፣ የመኪናውን ንዝረት ከብረት ርብራቡ በእግሩ መቀበል አለበት። ለዚህ ከዚያ በር የተሻለ ቦታ የለውም። ጀርባውን የሰጠው ለማያሰጋው ነው።

የፊልም ውሻ ሁሉ ጉበት ነው የሚያየው ያልኩ ሰው ነኝና እኔን ብቻ አትመኚ። ፈትኚው። ከበሩ ወጥተሽ መንገዱ ላይ ተቀመጪ። የሚጠብቀው ሊንዚን ከሆነ ንቅንቅ ሳይል ካንቺ አሻግሮ መንገዱን ያያል። አንቺን የሚጠብቅ ከሆነ ግን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ጥርስ የለሹ ወንድምሽ ኢቮር


ዊራቢላ፣ ኦገስት 30 ቀን 1987

ውድ ኢቮር፣

ስለ ጥርስህ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ጂል ጎተራ ጀርባ አንተን ስትፈልግ ታየኝና በሳቅ ሞትኩ። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው የገባሁበት? ወንድምህ የማይሰማ ውሻ ደበቀኝ፣ አንተ የማያፏጭ አፍ ደበቅከኝ። ሁለታችሁም ሜርል ታውቃለች ብላችሁ የምትፈሩት ምንድን ነው? ብትነግሩኝ ኖሮ ባርኔጣውን ከዓመት በፊት አነሳው ነበር።

ፈተናውን ሐሙስ አደረግኩት። የወጥ ቤቱን ወንበር ተሸክሜ ከበሩ ወጣሁና መንገዱ መሀል ተቀመጥኩ። ሞስ አየኝ። ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ተነስቼ ሻንጣዬን ላዘጋጅ አልኩ። ወዲያው ፖስታ የሚያመላልሰው ባሪ በመኪናው ብቅ አለ፤ ለካ ሞስ ንዝረቱን ከኔ በፊት ሰምቶታል። በእግሩ ማለቴ ነው።

ባሪ ቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ሜርል፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ፈተና ላይ ነኝ። ዞረህ እለፍ።»

«የመንጃ ፈቃድ ነው?»

ሞስ ተነሳ። ርብራቡን በጠርዙ ዘለለው፤ መቼም አያልፈውም ነበር። መጣና ጫማዬን አሸተተ፣ ዞረ፣ በእኔና በመኪናው መሀል ቁጭ አለ። ፊቱን ለባሪ፣ ጀርባውን ለኔ። ጉልበቴ ላይ ደገፍ አለ፤ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ጀርባ አላየሁም። ባሪ «ምነው ታለቅሻለሽ?» አለኝ። «ዝንብ ገብቶብኝ ነው» አልኩት።

ማታውኑ ለሮንዳ ደወልኩ።

«አልመጣም» አልኳት።

«በውሻ ምክንያት ነው እማዬ?»

«አዎ፣ በውሻ ምክንያት ነው።»

«አይሰማም እኮ!»

«አንቺስ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች፣ ደስም አላት መሰለኝ። ክፍሉን ለልብስ ስፌቷ ትፈልገው ነበር።

እንግዲህ ሞስን አልሰጥህም፤ ልመናዬን መልሼ ወስጃለሁ። ነገር ግን ጂልን እንዲሁ አፍጣ እንድትቀር አልተውም። ውሻ ከሰው ይልቅ ከውሻ እንደሚማር እኔ ልንገርህ? ሸለታ እንዳለቀ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ ሞስን ይዤ እመጣለሁ። ክኒኗን ሐኪሙ ለጉዞው ሳምንት አዘጋጅቶልናል። ሞስ ከጂል ጎን ይሩጥ፣ አንተ ባርኔጣ አወዛውዝ፣ እኔ ድንችህን እበላለሁ። የሊንዚን አሮጌ ባርኔጣ፣ ያንን ጫፉን በግ የበላውን፣ ላንተ ይዤልሃለሁ።

እሺ ወይም እምቢ አልልህም። ዴቮንፖርት ወደብ ላይ ቆመህ ጠብቀን። ጉበትም በኪስህ ይዘህ ና።

ሜርል


ኦትላንድስ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1987

ውድ ሜርል፣

ከኔ ዘንድ ተመልሳችሁ ቤታችሁ በደህና መግባታችሁን ስሰማ ደስ አለኝ። ሞስ መርከቡ ላይ ካፒቴኑ እግር ሥር ጀርባውን ሰጥቶት ማደሩን ስትነግሪኝ አልተገረምኩም፤ ካፒቴኑን አምኖት ነው። ወጥ ቤቴን ማጽዳትሽን ግን ገና አልተቀበልኩትም፤ እስካሁን ማንኪያ አላገኘሁም።

ከሄዳችሁ ወዲህ ጂል እንዴት ናት ብለሻል። ሁለት ቀን ሞስን ፈለገችው። አልጋው ላይ ተኛች፣ ውሃውንም ጠጣች። በሦስተኛው ቀን በጎቹ ወንዙ ዳር ወርደውብኝ ነበር። የጎረቤቱን ልጅ ልጠራ ብዬ ተውኩት። የሊንዚን ባርኔጣ አደረግኩና ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ጂል ፊቴን አየች። ከዚያ ባርኔጣውን አየች። ወደ ግራ ሳወዛውዘው ሄደች ሜርል፤ ሞስ እንደሄደው ዓይነት፣ ሆዷን ወደ ሣሩ አስጠግታ። መቶ አርባውንም አመጣቻቸው። በደስታ ጮህኩ፣ ጥርሴ ወልቆ ሣር ውስጥ ወደቀ፣ ጂል ፈልጋ አመጣችልኝ።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያይ ነበር። «ኢቮር፣ ዝንቡ በዛብህ እንዴ?» አለኝ።

«በጣም በዛ» አልኩት።

ለመጪው ጁላይ ፊልም ምከረኝ ላልሽው፣ ድምፅ የሌለው የጥንት ፊልም ፈልጉ። አዳራሹም ይተርፋል፣ ሞስም ከሌሎቹ እኩል ያያል። ያን ጊዜ እኔና ጂል እንመጣለን፤ ኖሪንንም እንደገና አስደንሳታለሁ፣ ከፈቀደችልኝ። ሞስን ከጆሮው ጀርባ እከኪልኝ፤ እንደማይሰማ አውቃለሁ፣ ይገባዋል።

ይህን የምጽፍልሽ በረንዳው ላይ ሆኜ ነው። ዝናቡ አባርቷል። ጥርሴ ከገባ ጀምሮ ዓይኗን ከፊቴ ነቅላ የማታውቀው ጂል ዛሬ ከምሳ በኋላ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። እስካሁን እዚያው ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ወንድምሽ ኢቮር